ከአሮጌ መሣሪያ የወጣ የሰዓት ልብ
ማንነቱ በምን ይታወቃል?

በጀርመን አገር፣ ከፍራንክፉርት ከተማ አጠገብ በማይንፍሊንገን የተተከለው የራዲዮ ጣቢያ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቱንና ቀኑን በምልክት ያሠራጫል። በሴኮንድ 77,500 ጊዜ የሚርገበገበው ሞገድ በየሴኮንዱ መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ ይደክማል፤ ድካሙ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ቢሆን ዜሮን፣ ሁለት አሥረኛ ቢሆን አንድን ያመለክታል።

በቤታቸው ሰዓት የሚሠሩ ሰዎች ይህን ምልክት በትንሽ አንቴና ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ መብረቅ ወይም በቅርብ ያለ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ምልክቱን ሲያውከው፣ ሰዓቱን ሳያዛንፍ የሚያቈይ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ይኸውም ከአሮጌ የቴሌፎን ወይም የመለኪያ መሣሪያ የሚነቀለው፣ በብረት ሣጥን የታሸገ የኳርትዝ አርገብጋቢ ነው። ተራ የእጅ ሰዓት በቀን አንድ ሴኮንድ ያህል ሊዛነፍ ይችላል፤ ከመቶ ሚሊዮን አንድ እጅ ብቻ የሚስት አርገብጋቢ ግን በቀን ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ አያልፍም።

ችግሩ ዕቃውን ለይቶ ማወቅ ነው። በጀርባው የተጻፈው አራት አኃዝ ብዙ ጊዜ የተሠራበትን ዓመትና ሳምንት ይነግራል፤ የፋብሪካው መግለጫ ግን ከጠፋ የትኛው እግር የምን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ከብረት ሣጥኑ ጋር የተገናኘውን እግር በመለኪያ ይፈልጋል። ቀጥሎም የኃይል መግቢያ የመሰለውን እግር ለይቶ፣ ከዝቅተኛው ቮልት ጀምሮ፣ የኤሌክትሪኩንም መጠን ወስኖ በጥንቃቄ ይሰጠዋል፤ ዋልታው ቢገለበጥ ወይም ቮልቱ ቢበዛ ዕቃው ሊቃጠል ይችላልና።

ዋናው ምስክር ከዚህ በኋላ ይገኛል። ምርጡ አርገብጋቢ ክሪስታሉን በማይለወጥ ሙቀት የሚጠብቅ ትንሽ ምድጃ በውስጡ አለው። ስለዚህ ሲጀምር ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲሞቅ ፍጆታው በጉልህ ይቀንሳል። ምድጃ የሌለው ተራ ዕቃ ይህን ጠባይ አያሳይም።

የርግብግቢቱን ቍጥር ለማረጋገጥ ግን ተራ ቈጣሪ አይበቃም፤ ያልተመረመረን ሚዛን ባልተመረመረ ሚዛን እንደ መፈተን ይሆናል። ዳኛው የጣቢያው ምልክት ነው። በአቀባበሉ የሴኮንድ አንድ መቶኛ ልዩነት ቢኖር፣ የአንድ ቀን ማነጻጸሪያ ከሰማንያ ስድስት ሺሕ ሴኮንድ ላይ ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ብቻ ያረጋግጣል፤ አሥር ቀን ሲሆን ግን ርግጠኝነቱ አሥር እጅ ይጨምራል።

ለዓመታት የሠራ ክሪስታል የመለዋወጥ ጠባዩ ስለሚቀንስ፣ አሮጌነቱ ብቻውን ነውር አይደለም። መለያ ጽሕፈቱ መነሻ ሆኖ ያገለግላል፤ የዕቃውን ዋጋ የሚወስነው ግን በትዕግሥት የተደረገ ምርመራ ነው።