«አንድ ሞል ኦክስጅን» ስንት ግራም ነው? በአማርኛ የኬሚስትሪ ማብራሪያ ውስጥ የመለኪያ ስሞች ጉዳይ

በኢትዮጵያ ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያ ደረጃ ሳይንስን በአማርኛ ከተማሩ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ኬሚስትሪን በእንግሊዝኛ ይቀጥላሉ። ግራምን ወደ ሞል፣ ሞልን ወደ ሞለኪውል የመለወጥ ስሌት የሚመጣው ከዚህ ሽግግር በኋላ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢጻፍም የቃል ማብራሪያው ብዙ ጊዜ ወደ አማርኛ ይመለሳል። በዚያ ማብራሪያ ውስጥ አንድ የሰዋስው ክፍተት አለ፤ የተማሪውን መልስ በእጥፍ ወይም በግማሽ ያሳስታል።

ስሌቱ ራሱ አጭር ነው። የአንድ ሞል ውሃ መጠነ ቁስ 18 ግራም ነው። 36 ግራም ውሃ ለ18 ሲካፈል 2 ሞል ይሆናል፤ ይህ በ6.022 × 10²³ ሲባዛ 1.204 × 10²⁴ ያህል ሞለኪውል ይሰጣል። ከሚዛን ወደ ቆጠራ የሚያሻግረው ሞል ነው።

አማርኛ «ሁለት ኪሎ ስኳር» እና «ሁለት ደርዘን እንቁላል» ሲል የሁለቱ ሐረጎች አወቃቀር አንድ ነው፤ ቁጥር፣ መለኪያና ስም ያለ አያያዥ ይደረደራሉ። ልዩነቱ የሚገለጠው መለኪያው ሲወጣ ነው። እንቁላሉ «ሃያ አራት እንቁላል» ይባላል፤ ስኳሩ ግን ያለ ሌላ መለኪያ አይቆጠርም። ሞል ከየትኛው ይመደባል? ቀድሞ የሚበየነው በ12 ግራም ካርቦን-12 ውስጥ ባሉ አቶሞች ብዛት ስለነበር ብያኔው በሚዛን ላይ ያረፈ ነበር። ከሜይ 20 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በትክክል 6.02214076 × 10²³ ቅንጣት ማለት ሆኗል። ስለዚህ ወደ ደርዘን ቀርቧል።

ችግሩ የሚነሳው ከዚህ ነው። «ደርዘን እንቁላል» ሲባል የሚቆጠረው ምን እንደሆነ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ «አንድ ሞል ኦክስጅን» ሲባል ግን አይናገርም። አቶሙ ከተቆጠረ 16 ግራም፣ ሁለት አቶም ያለው ሞለኪውል ከተቆጠረ 32 ግራም ነው። እንግሊዝኛም ከዚህ አሻሚነት ነፃ አይደለም። በእኔ አስተያየት የአማርኛው መፍትሔ «የ»ን መጠቀምና ቅንጣቱን መጥራት ነው፦ «አንድ ሞል የኦክስጅን አቶም»፣ «አንድ ሞል የኦክስጅን ሞለኪውል»። ሐረጉ ይረዝማል፤ መርዘሙ ግን ዋጋ አለው።

ናይሮቢ ላለ አንባቢ ኪስዋሂሊ ቅርብ ማነጻጸሪያ ነው። «ኪሎ ምቢሊ ዛ ሱካሪ» እና «ዳዜኒ ምቢሊ ዛ ማያይ» በሚሉት ሐረጎች አያያዡ «ዛ» የሚስማማው ከመለኪያው ጋር እንጂ ከሚለካው ነገር ጋር አይደለም። ያን ያህል የበለጸገ የስም ምድብ ሥርዓት ያለው ቋንቋም እዚህ ላይ የሚቆጠረውን ቅንጣት አይለይም።

የሁለቱ ቃላት የድምፅ ቅርበት ሌላ ችግር ይጨምራል። ሞለኪውል ግዙፍ ክምርን ከሚያመለክት የላቲን ቃል በማሳነሻ ቅጥያ የተገኘ ነው፤ ሞል ደግሞ በጀርመን ኬሚስቶች ዘንድ ከሞለኪውል ተቆርጦ የወጣ ነው። ትልቁን ብዛት የሚጠራው አጭሩ ቃል መሆኑ ተማሪን ቢያደናግር አያስደንቅም። ከአሞሌ ጨው ጋር ያለው መመሳሰል ግን የአጋጣሚ ነው፤ ምንም እንኳ አሞሌም ገንዘብ ሳለ በቁጥር ይከፈል የነበረ ቢሆን።

ጨው ከተነሳ፣ 58.5 ግራም የገበታ ጨው 1 ሞል ነው፤ ነገር ግን ጠጣር ጨው የአዮኖች ድርድር እንጂ ሞለኪውል የለውም። «የጨው ሞለኪውል» ማለት ስለዚህ ስሕተት ነው። «የፎርሙላ አሃድ» የሚለው ሐረግ ትክክል ቢሆንም በክፍል ውስጥ ለጆሮ ይከብዳል፤ ከእርሱ የቀለለ ቃል መፈለግ የቃላት ሥራ ባለሙያዎች ድርሻ ነው።