አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ይወጣልን? የሞተር ብስክሌት ዘይት ቅየራ በፊዚክስ ዓይን

ሞተር ብስክሌት በአገራችን የግብርና ባለሙያውን ወደ ቀበሌ፣ የጤና ሠራተኛውን ወደ መንደር፣ ሸቀጡንም ወደ ገበያ የሚያደርስ መሣሪያ ነው። ለብዙ ወጣቶች ደግሞ የዕለት እንጀራቸው ነው። የዚህ መሣሪያ ሞተር ዕድሜ በእጅጉ የሚወሰነው አንድ ሊትር ገደማ በሚሆን ዘይት ነው። ይህ ዘይት በሚቀየርበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ዘወትር ይነሣል። የማፍሰሻው ቡሎን ተፈትቶ የተቃጠለው ዘይት ከወረደ በኋላ በሞተሩ ውስጥ ተደብቆ የሚቀረውን ምን እናድርገው? አንዳንዶች ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ጨምረው ያጥቡታል። ሌሎች አዲስ ዘይት ሞልተው፣ ሞተሩን ለጥቂት ጊዜ አስነሥተው እንደገና ያፈሱታል። የቀሩት ደግሞ ጠብታው ሲቆም ቡሎኑን አጥብቀው አዲሱን ይሞላሉ። የትኛው እንደሚሻል ለማወቅ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የምናገኘው ፊዚክስና ሒሳብ በቂ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

የሚቀረው ዘይት የት ነው?

በአብዛኞቹ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌቶች አንዱ ዘይት ፒስተኑንም፣ ማርሹንም፣ ፍሪሲዮኑንም ያገለግላል። ስለዚህ ቡሎኑ ሲፈታ ዘይቱ ሁሉ አይወርድም። ከፊሉ በግድግዳዎች ላይ እንደ ስስ ሽፋን ይጣበቃል፤ ከፊሉ በፍሪሲዮኑ ሸራዎች መካከልና በጠባብ ቦዮች ውስጥ ይያዛል፤ ከፊሉም ከማፍሰሻው ቀዳዳ ዝቅ ባሉ ጎድጓዳ ቦታዎች ይቀራል። የጥገና መመሪያ መጻሕፍት ሁለት የዘይት መጠኖችን የሚሰጡትም በዚህ ምክንያት ነው። አንደኛው ለተራ ቅየራ፣ ሁለተኛው ሞተሩ ተፈትቶ ሲገጠም ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 0.8፣ ሁለተኛው 1.0 ሊትር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ቅየራ 0.2 ሊትር ማለትም 20 በመቶ አሮጌ ዘይት ይቀራል ማለት ነው። አዲስ የተሞላ ዘይት ወዲያው የሚጠቁረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ጥቂት ጥላሸት ብዙ ዘይትን ያጠቁራል፤ ስለሆነም ቀለም ብቻውን የዘይትን ብቃት አይመሰክርም።

የሙቀት ድርሻ

ፈሳሽ ለመፍሰስ የሚያሳየውን እምቢታ ዝልግልግነት እንለዋለን። የዘይት ዝልግልግነት ከሙቀት ጋር በፍጥነት ይለዋወጣል። ኤስኤኢ 20ደብሊው-40 የተባለው የተለመደ ዘይት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዝልግልግነቱ 400 ካሬ ሚሊ ሜትር በሰከንድ ገደማ ሲሆን፣ በ80 ዲግሪ ግን ወደ 25 ይወርዳል። ልዩነቱ 16 እጥፍ ነው።

እንግሊዛዊው ሊቅ ሃሮልድ ጄፍሪስ በ1930 እ.ኤ.አ. ቀጥ ባለ ግድግዳ ላይ ቁልቁል የሚፈስ ፈሳሽ የሚተወውን ሽፋን ውፍረት አስልቶ ነበር። በእርሱ ስሌት መሠረት ውፍረቱ ከዝልግልግነቱ ስኩዌር ሩት ጋር አብሮ ያድጋል፤ ካለፈው ጊዜ ስኩዌር ሩት ጋር ደግሞ በተቃራኒው ይቀንሳል። 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ወስደን 10 ደቂቃ ብንጠብቅ፣ የቀዝቃዛው ዘይት ሽፋን ወደ 82 ማይክሮ ሜትር፣ የሞቀው ዘይት ሽፋን ግን ወደ 21 ማይክሮ ሜትር ይሆናል። የ16 ስኩዌር ሩት 4 ነውና ልዩነቱ አራት እጥፍ ነው። ቀዝቃዛው ዘይት እዚያ ደረጃ ላይ እንዲደርስ 160 ደቂቃ መጠበቅ ይኖርብናል። ስለዚህ ሞተሩን በጥቂት ጉዞ አሙቆ ማፍሰስ ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ጥቅም ነው። ከዚህም ሌላ ጉዞው ወደ ታች የዘቀጠውን ቆሻሻ ስለሚያናውጠው አብሮ እንዲወጣ ይረዳል። ይሁንና የሞቀ ዘይት ቆዳን ያቃጥላልና ሞተሩን ካጠፉ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥና ጓንት ማድረግ ተገቢ ነው። በጎድጓዳው ውስጥ የሚቀረውን ዘይት ግን ሙቀት አያወጣውም።

ቆሻሻው ይጠራቀማልን?

«በየቅየራው 20 በመቶ ከቀረ፣ ቆሻሻው እየተደራረበ ሞተሩን አያጠፋውምን?» የሚል ሥጋት ሊነሣ ይችላል። መልሱ በጂኦሜትሪያዊ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በሁለት ቅየራዎች መካከል የሚገባውን ቆሻሻ 1 እንበለው። በመጀመሪያው ቅየራ ዋዜማ ቆሻሻው 1 ነው፤ ከቅየራው በኋላ 0.2 ይቀራል። በሁለተኛው ዋዜማ 1.2፣ በሦስተኛው 1.24፣ በአራተኛው 1.248 እያለ ይሄዳል። ድምሩ ከ1.25 አያልፍም። ክምችቱ ወሰን አለው ማለት ነው።

አሁን በአንድ ተጨማሪ ሙሊት አዲስ ዘይት ብናጥበው ምን እናገኛለን? ከ20 በመቶው 20 በመቶ፣ ማለትም 4 በመቶ ብቻ ይቀራል፤ ከፍተኛው የቆሻሻ መጠንም 1.04 ገደማ ይሆናል። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን ለማጠቢያ የዋለው 0.8 ሊትር ዘይት ወዲያው ተደፍቷል። ያንኑ ዘይት በርቀቱ አጋማሽ ላይ ለተጨማሪ ቅየራ ብናውለውስ? በየጊዜው የሚገባው ቆሻሻ 0.5 ይሆናል፤ ከፍተኛው መጠንም 0.5 ሲካፈል ለ0.8፣ ማለትም 0.625 ነው። በሁለቱም መንገድ የወጣው ዘይት እኩል 1.6 ሊትር ሆኖ ሳለ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በ40 በመቶ ያነሰ ቆሻሻ ይሰጠናል። እንግዲህ ለማጠቢያ የሚውል ገንዘብ ያለው ሰው ቀደም ብሎ ቢቀይርበት ይበልጥ ይጠቀማል።

ነጭ ጋዝና ናፍጣስ?

ነጭ ጋዝ ርካሽ ነው፤ ቆሻሻንም ያሟሟል። ችግሩ እርሱም እንደ ዘይቱ በጎድጓዳው ውስጥ መቅረቱ ነው። ከአዲሱ ዘይት ጋር 10 በመቶ ያህል ነጭ ጋዝ ቢቀላቀል የዘይቱን ዝልግልግነት በ40 ዲግሪ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ሞተሩ ሲሞቅ ከፊሉ ተንኖ ይወጣል፤ እስከዚያ ድረስ ግን ብረትን ከብረት የሚለየው ሽፋን ይሳሳል። ነጭ ጋዝ ሞልቶ ሞተሩን ማስነሣትማ ከዚህ ይብሳል፤ ሽፋን ሊሠራ የማይችል ፈሳሽ ፒስተንና ማርሽ እንዲጠብቅ መጠየቅ ነውና። ለመኪና ሞተር ተብለው የሚሸጡ ማጠቢያዎችም ለሞተር ብስክሌት መፈቀዳቸው ሳይረጋገጥ መጨመር የለባቸውም፤ ከዘይቱ ጋር ፍሪሲዮኑ ዘንድ ይደርሳሉ።

በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ውስጥ ዘይቱን የሚያጠራ የሽቦ ወንፊት፣ በአንዳንዶቹም ቆሻሻን በሽክርክሪት ኃይል ወደ ጠርዙ የሚገፋ ክፍል አለ። እዚያ የተጋገረውን ጭቃ ምንም ዓይነት እጥበት አያስለቅቀውም። በመመሪያው መሠረት ተከፍቶ መጠረግ አለበት።

ማጠብ የሚገባው ጊዜ

የውኃ ነገር ግን የተለየ ነው። በክረምት ጎርፍ የተሻገረ ሞተር ውኃ ካስገባ ዘይቱ ቡና በወተት ይመስላል። ያን ጊዜ የሚቀረው 20 በመቶ ዝገት ያመጣልና፣ ተመሳሳይ ደረጃ ያለው ርካሽ ዘይት ሞልቶ፣ ሞተሩን ያለ ጭነት ጥቂት አስነሥቶ ማፍሰስ፣ ወተትነቱ እስኪጠፋም መድገም ተገቢ ነው። በውስጥ የተሰበረ ብረት ካለ ግን እጥበት ፈትቶ መጠገንን አይተካም።

ለማጠቃለል፣ በተራ ቅየራ ጊዜ የሚሻለው ሞተሩን አሙቆ፣ ቀጥ አድርጎ አቁሞ፣ ጠብታው እስኪቆም ታግሦ ማፍሰስና ቀጣዩን ቅየራ አለማዘግየት ነው። የተቃጠለውን ዘይት በመሬት ወይም በቦይ ማፍሰስ አፈርንና ውኃን ስለሚበክል በጀሪካን ማጠራቀም ይገባል። አንባቢያን የራሳቸውን ሞተር መመሪያ ከፍተው ሁለቱን የዘይት መጠኖች ቢያነጻጽሩና ከላይ ያለውን ስሌት በራሳቸው ቁጥሮች ቢደግሙት፣ ለሞተራቸው የሚስማማውን ውሳኔ ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።