ስፖርት እየሠራን ለምን አንሻሻልም?

በዛሬው የስፖርት አምዳችን አዘውትረን የምንሠራው ስፖርት ውጤቱ እንዲታይ ምን ማድረግ እንዳለብን እንነግራችኋለን።

የክፍል ለክፍል ውድድር ሲደርስ ሜዳችን ይሞላል። ከዚያ በፊት ሮጦ የማያውቅ ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን 10 ዙር ይሮጣል፣ ፑሽ አፕ ይሠራል፣ ገመድ ይዘላል። በማግስቱ እግሩ ይተሳሰራል። በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል። ከዚያማ "እኔ ድሮም ተሰጥኦ የለኝም" ብሎ ይተወዋል። ይሄ ግን የተሰጥኦ ጉዳይ አይደለም፤ የአሠራር ጉዳይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንሮጥ ጡንቻችን ይደክማል፣ በጣም በጥቂቱም ይጎዳል። ሰውነታችን ያንን የሚጠግነው ስናርፍና ስንተኛ ነው። ሲጠግነውም ቀድሞ ከነበረው ጠንከር አድርጎ ነው። ስለዚህ ጉልበት የሚጨምረው በምንሮጥበት ሰዓት ሳይሆን ከሮጥን በኋላ ነው ማለት ነው። ዕረፍት የሌለው ልጅ ጥገናው ሳያልቅ እንደገና ያፈርሰዋል። ያልለመድነውን ከባድ ስፖርት ስንሠራ ደግሞ ሕመሙ የሚብሰው በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ስለሆነ አትደንግጡ፤ ቀስ እያላችሁ ተራመዱ፣ ይለቃችኋል። ጉልበት ወይም ቁርጭምጭሚት ካበጠ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አቁሙና ለስፖርት መምህራችንና ለቤተሰብ ንገሩ።

ታዲያ እንዴት እንሥራ? በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለምሳሌ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሩጡ። በመጀመሪያው ሳምንት 4 ዙር ከሮጣችሁ በሁለተኛው 5 ይበቃል፤ 8 አታድርጉት። ከመሮጣችሁ በፊት በእርምጃና በሶምሶማ ሰውነታችሁን አሟሙቁ። ፍጥነቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ፤ እየሮጣችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ከቻላችሁ ልኩ ነው። ቃል ማውጣት ካቃታችሁ ቀንሱ። አንዳንድ ልጆች "ቀስ ብሎ መሮጥ የሰነፍ ነው" ይላሉ፤ ትልልቆቹ ሯጮቻችን እንኳ በብዙ ቀናት ቀስ ብለው ነው የሚሮጡት። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ፈጠን በሉ።

መሻሻላችሁን በዓይን ስለማታዩት ልባችሁን ጠይቁት። ልብም ጡንቻ ነው፤ ሲለማመድ በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል፣ ስለዚህ ለዚያው ሩጫ ብዙ መምታት አያስፈልገውም። 3 ዙር ሩጡ፣ 1 ደቂቃ ዕረፉ። ከዚያ አመልካችና የመሃል ጣታችሁን አንገታችሁ ላይ ከመንጋጋ ሥር ቀስ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አውራ ጣት አይሆንም፣ የራሱ ምት ስላለው ያሳስታችኋል። ለ15 ሰከንድ ቆጥራችሁ በ4 አባዙት። 35 ጊዜ ከመታ 140 ይሆናል። በደብተራችሁ ጀርባ ከነቀኑ ጻፉት። በየሳምንቱ በዚያው ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ፍጥነት ድገሙት። ከአንድ ወር በኋላ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ልባችሁ በርትቷል።

እንቅልፍም አለ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለን ልጆች ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያስፈልገናል። ከምሽቱ 3 ሰዓት የተኛ ልጅ ጠዋት 12 ሰዓት ሲነሳ 9 ሰዓት ሞላ ማለት ነው። ፊልም እያየ እስከ 5 ሰዓት የሚያመሽ ግን ራሱ ቁጠሩለት። ምግብ ሲባል ውድ ነገር አይደለም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ቆሎው ሁሉ ይጠቅማል፣ ውሃም እንዲሁ። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ በሩጫ ወደ ኋላ ሲቀር "ደካማ" እያላችሁ አትሳቁበት። ሆዱ ባዶ ነው እንጂ እግሩ አይደለም።

ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ሩቅ መንገድ የምትሄዱ፣ ውሃ ቀድታችሁ የምትመጡ ልጆችም "ስፖርት አልሠራም" አትበሉ። አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበርና በየቀኑ እየሮጠ ይሄድ ነበር። ደብተሩን ይዞ ስለሚሮጥ ትልቅ ሯጭ ከሆነ በኋላም ግራ ክንዱን አጠፍ አድርጎ ነበር የሚሮጠው። በአትላንታ በ1988 ዓ.ም.፣ በሲድኒ ደግሞ በ1993 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝቷል። ያን ሁሉ ዓመት የሮጠው ለውድድር አንድ ሳምንት ሲቀረው አይደለም።

ውድ መምህራኖቻችን፣ አትቀየሙንና አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። አርፍደን ስንመጣ ቅጣቱ ሜዳ መዞር ባይሆን ደስ ይለናል። ሩጫ ቅጣት ከሆነ ልጆች ይጠሉታል፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሩጡ ስንባልም የተቀጣን ይመስለናል።

የልብ ምታችሁን ለ4 ሳምንት የመዘገባችሁ ተማሪዎች ቁጥሩን ከነክፍላችሁ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ክተቱልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።