ከፊርማው በኋላ

 የአሜሪካው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1944 በስታዲየሙ ሥር 36 ወጣቶችን አስገባ፤ ለኅሊናችን ስንል መሣሪያ አናነሳም ያሉ ናቸው። ተመራማሪው አንሴል ኪስ ረሃብ በአካልና በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ለማወቅ ምግባቸውን ስድስት ወር ገደማ በግማሽ ያህል ቀነሰባቸው። ልጆቹ ከምግብ ሌላ የሚያወሩት ጠፋ፤ አንዱማ በመጥረቢያ ሦስት ጣቶቹን ቆረጠ። ሁሉም ወደው የገቡ ናቸው፤ በስተርጅና ሲጠየቁም ብዙዎቹ አልተጸጸቱም። ዛሬ ግን እንዲህ ያለ ዕቅድ ገምጋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ያልፋል ማለት ዘበት ነው።

ኮሚቴዎቹን ያስፋፋው የ1974ቱ የአሜሪካ ሕግ ነው። ለሕጉ መነሻ የሆነው በቱስኪጊ የቂጥኝ ሕሙማን የሆኑ ጥቁሮች ለ40 ዓመት ሕክምና መነፈጋቸው በ1972 መጋለጡ ነው።

መርፌ የማይወጋው የማኅበራዊ ሳይንስ አጥኚስ? ሎድ ሃምፍሪስ በ1960ዎቹ በሕዝብ መጸዳጃ ቤት በድብቅ የሚገናኙ ወንዶችን የመኪና ታርጋ መዝግቦ አድራሻቸውን አገኘ፤ ከዓመት በኋላ የጤና ጥናት ነው ብሎ ቤታቸው ሄዶ ጠየቃቸው። መረጃው ቢያፈተልክ ትዳርም ሥራም ይፈርስ ነበር።

በሚኒሶታ ደግሞ በ2004 የታተመ ጥናት 1,134 የሶማሌና የኦሮሞ ስደተኞችን አነጋግሯል። እንደ ብሔርና ጾታቸው ከ25 እስከ 69 በመቶ የሚሆኑት ማሰቃየት ደርሶባቸዋል። በምርመራ ክፍል ያለፈ ሰው ዳግም ጥያቄ ሲደረደርለትና ፈርም ሲባል ምን እንደሚሰማው ለመገመት አያዳግትም። ጠያቂው የአገር ልጅ ቢሆን ቋንቋው ይቀላል፤ ግን ነገ ለቅሶ ቤት ወይም መስጊድ ይገናኛሉ። ምስጢር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

ወላይታ ውስጥ ተመራማሪው ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው ያዩት ችግር ሌላ ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ ስለሚመጣው የእግር እብጠት የዘር ጥናት ሊደረግ ሲታሰብ፣ አስቀድመው የአካባቢውን ሰው ጠየቁ። ለበሽታው ተጋላጭነት በዘር እንደሚተላለፍ መናገር ራሱ መገለሉን ሊያባብስ ይችላል፤ እንዲህ የተባለበትን ቤት ማን ለጋብቻ ይጠይቃል? በ2009 የታተመው ሥራቸው የፈቃድ አጠያየቁ እንደየአካባቢው እንዲቀረጽ ያሳስባል።

ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን የሚከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለው ጥናት የመንደሮቹን ትክክለኛ ስም በጽሑፎቹ አይገልጽም። ያኔ ፈቃዱን የሰጡት ወላጆች ነበሩ። የዓመት ልጅ ሳሉ የተመዘገቡት ግን ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ መቀጠል መፈለጋቸውን የሚጠየቁት ራሳቸው ናቸው።