ቀይ ነበር እኮ

አንድ ፎቶ ስልኬ ላይ አለ። ሁለቱ ሐዲዶች ከታች፣ ከግራና ከቀኝ ማዕዘን ተነስተው እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ ከመጨረሻቸው ላይ የመተሐራ ጣቢያ መግቢያ ሲግናል ቀይ አብርቶ ቆሟል። ብርሃኑ የማለዳ ነው። ከሥር፣ በሁለቱ ሐዲዶች መሐል፣ የአንሺው ጥላ ረዝሞ ተጋድሟል። ያነሳው ልጅ በጣም ይወደዋል፤ በእርግጥም ያምራል። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደዚያ ጥላ ነው።

አምስት ጓደኛሞች ናቸው። ባቡር ይወዳሉ፤ ከፉሪ-ለቡ ተሳፍረው፣ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ፎቶ እያነሱ መጥተው መተሐራ አደሩ። በማግስቱ ጠዋት ከሲግናሉ አጠገብ ያለውን የመሣሪያ ሳጥን ከፍቼ ስሠራ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ሲግናሉ ጠየቁኝ፤ ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ሽቦዬ አቀረቀርኩ። ቀና ስል አንዱ ሐዲዱ መሐል ገብቶ ካሜራውን ወደ ቀዩ መብራት ደግኗል። ከኋላው፣ ከአዋሽ በኩል፣ ኮንቴይነር የጫነ ባቡር ፀሐይዋን አዝሎ እየመጣ ነው። ነፋሱ ከፊት ለፊቱ ስለሚነፍስ ልጁ አልሰማም። እኔ ጮኽኩ፤ ነጂው ጡሩምባውን ለቀቀው፤ ልጁ ዘሎ ወጣ። ነጂው ለቀዩ ብሎ ፍጥነቱን አስቀድሞ ቀንሶ ስለነበር ባቡሩ ቀስ ብሎ መጥቶ ሲግናሉ ሥር ቆመ። ልጁ የቆመበትን ቦታ ሎኮሞቲቩ አልፎት ሄዶ ነበር፤ እዚያ ላይ የቆመው ፉርጎ ነው።

ትንፋሹ ሲመለስለት ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ቀይ ነበር እኮ!»

ይህን ቃል መስማት ሰልችቶኛል። ከብት የሚያሻግር እረኛ ብሎኛል፤ በሐዲዱ ላይ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ብለውኛል፤ የምህንድስና ተማሪ ብሎኛል። ሁሉም የሚያስቡት የትራፊክ መብራትን ነው። ለመኪናው ቀይ ከሆነ እግረኛው ይሻገራል፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይህ ልክ ነው፤ እዚያ መብራቱ ሁለት ወገን ያስማማል፣ አንዱን አቁሞ ሌላውን ያሳልፋል። የባቡር ሲግናል ከእግረኛ ጋር ምንም ውል የለውም። የሚናገረው ለአንድ ሰው፣ ወደ እሱ ለሚመጣው ነጂ ብቻ ነው። የሚለውም «ከእኔ አትለፍ» እንጂ «ወደ እኔ አትምጣ» አይደለም። እንግዲህ ከቀይ ሲግናል ፊት ያለው ሐዲድ ባቡር መጥቶ የሚቆምበት ቦታ ነው። ከሲግናሉ ወዲያ ያለውስ? እሱማ ይብሳል፤ መብራቱ ቀይ የሆነው ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ባቡር ስላለ ነው። አዳማን ካለፍን በኋላ ደግሞ መስመሩ ነጠላ ነው፤ በዚያው ሐዲድ ላይ ከሁለቱም አቅጣጫ ይመጣል። ከወዲያ የሚመጣው የራሱ ሲግናል አለው፤ እናንተ የምታዩት ቀይ እሱን አይመለከተውም።

ነገሩ እንዲህ የሆነው በምክንያት ነው። ድሮ በብዙ አገር ባቡር የሚለቀቀው በሰዓት ነበር፤ አንዱ ከሄደ የተወሰነ ደቂቃ ተቆጥሮ ሌላው ይከተላል። የፊተኛው በሰላም መድረሱን የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1889 አየርላንድ ውስጥ፣ አርማ ከተማ አጠገብ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ለሽርሽር የጫነ ባቡር ዳገት አቃተው። ለሁለት ከፈሉት፤ የተለዩት ፉርጎዎች ቁልቁል ተንደርድረው፣ ደቂቃው ሞልቷል ተብሎ ከኋላ ከተለቀቀው ባቡር ጋር ተላተሙ። 80 ያህል ሰው አለቀ፤ ከእነሱም መሐል ብዙ ልጆች ነበሩ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ፓርላማ መስመር በክፍል በክፍል እንዲከፈልና አንዱ ባቡር ክፍሉን ለቆ ሳይወጣ ሌላው እንዳይገባ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ሲግናል የሚጠብቀው ይህንን ነው፤ ባቡርን ከባቡር። ሐዲድ ላይ የቆመ ሰው በዚህ ሥርዓት ውስጥ የለም፤ መሣሪያውም አያየውም።

አያየውም ስል ለማጋነን አይደለም። አንድ ክፍል ባዶ መሆኑን ለማወቅ በዓለም ላይ በብዛት ለሚሠራበት አንድ ዘዴ አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው፤ ቀላልነቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በሐዲዱ አንድ ጫፍ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፤ በሌላው ጫፍ ሪሌ የምንላት ትንሽ መሣሪያ በዚያ ኤሌክትሪክ ተስባ ትቆያለች። ባቡር ሲገባ የብረት ጎማዎቹና የሚያያይዛቸው አክስል አቋራጭ መንገድ ይሆናሉ፤ ኤሌክትሪኩ ሪሌዋ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል፤ ሪሌዋ በገዛ ክብደቷ ትወድቅና መብራቱ ቀይ ይሆናል። ሐዲድ ቢሰበር ያው ነው። ሽቦ ቢበጠስ ያው ነው። መብራት ቢጠፋ ያው ነው። አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር ወደ ቀይ እንዲወድቅ ሆኖ ተሠርቷል። አረንጓዴ «ባዶ ነው» ብሎ መማል ነው፤ ቀይ «አልምልም» ማለት ነው። ቀይን አይቶ «ባቡር የለም» ብሎ የሚደመድም ሰው ነገሩን ገልብጦ ነው ያነበበው።

ተሳፋሪውም በሌላ በኩል ይገለብጠዋል። ባቡሩ ሜዳ ላይ ጥቂት ሲቆይ «ሲግናል ተበላሽቶ» ብሎ ያማርራል። ቀይ ሆኖ ያቆየህ ሲግናል ሥራውን እየሠራ ነው! እኛን እንቅልፍ የሚነሳን በሐሰት አረንጓዴ የሚያበራው ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1988 ለንደን ክላፋም ላይ 35 ሰው የሞተው በአንድ ሽቦ ነው። የሲግናል ሠራተኛው አዲሱን ሽቦ ሲዘረጋ አሮጌውን ሽቦ አልቆረጠም፤ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ተወው፤ ኋላ ሽቦው ተመልሶ ነካና ቀይ መሆን የነበረበትን ሲግናል አረንጓዴ አደረገው። ያ ሠራተኛ በ13 ሳምንት ውስጥ ያረፈው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ይህን ታሪክ ካወቅሁ ጀምሮ ሳጥን ከመዝጋቴ በፊት የፈታሁትን ሽቦ ሁሉ በጣቴ እየነካሁ እቆጥራለሁ። ለዚህም ነው ያን ዕለት አቀርቅሬ የነበረው። ልጁ ወደ ሐዲዱ ሲገባ አላየሁትም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

«ቢመጣ ይሰማኛል» የሚሉም አሉ። ይህ የድሮው ባቡር ትዝታ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው የአባቶቻችን ባቡር ከሩቅ ይሰማ ነበር፤ ሰውም በሐዲዱ ላይ መሄድ ለመደ። የአሁኑ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፤ ነፋስ ከተጨመረበት አጠገባችሁ እስኪደርስ ድምፁን አትለዩትም። ነጂው ቢያያችሁም ብረት በብረት ላይ ነው የሚንሸራተተው፤ የጭነት ባቡር በሙሉ ፍጥነቱ እየመጣ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም አንድ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ከራሳችሁ በላይ ያለው ሽቦ ደግሞ 25,000 ቮልት ተሸክሟል፤ ሳይነኩት፣ በመቅረብ ብቻ ዘሎ ይይዛል። ካሜራ በረጅም ዘንግ ሰቅላችሁ ወደ ላይ አታንሱ።

ባቡር የሚወዱ ልጆች ሲመጡ ደስ ይለኛል። ይህን ሥራ የወደድኩት እኔም በልጅነቴ ባቡር ሳይ ውዬ ነው። ስለዚህ ኑ፤ የጣቢያውን ኃላፊ አስፈቅዱ፤ ከመድረኩ ላይ አንሱ፤ ከአጥሩ ውጭ አንሱ፤ ሩቅ የሚያቀርብ ሌንስ ያለው ሰው ሐዲድ መሐል የሚያስገባው ጉዳይ የለም። መብራቱ ቀይም ይሁን አረንጓዴ፣ እያንዳንዱን ሐዲድ ባቡር አሁን ይመጣበታል ብላችሁ ቁጠሩት። በመስመሩ ዳር የምትኖሩ ወላጆችና መምህራንም፣ ቀይ ሲግናል «ግቡ» ማለት እንዳልሆነ ለልጆቹ ንገሩልኝ።