ያውቁ ኖሯል? የታደነውና ቤቱን የተነጠቀው
(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

● በካሪቢያን ባሕር ይኖር የነበረው «ሲል» የተባለ አጥቢ እንስሳ ሰው ሲቀርበው ብዙም አይሸሽም ነበር። በ1494 የኮሎምበስ ሰዎች አሸዋ ላይ ከተኙት ስምንቱን ገደሉ። ከዚያም ስቡ ለዘይት እየተፈለገ ለዘመናት ታደነ። ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት የታየው በ1952 ሲሆን አሜሪካ መጥፋቱን ያወጀችው በ2008 ነው።

● «ሲሉ» ብቻውን አልሄደም። በአፍንጫው ውስጥ የምትኖር የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ የሆነች ደቃቅ ጥገኛም አብራው ጠፍታለች።

● ከፖርቱጋሏ የማዴይራ ደሴት አጠገብ ባለችው በዴዘርታ ግራንዴ ደሴት፣ በአንድ ሸለቆ ብቻ የሚገኝ ትልቅ ሸረሪት አለ። ድር አያደራም፤ ሮጦ ያድናል። እሱን የሚያድነው ሰው የለም፤ ለከፋ የመጥፋት አደጋ የዳረገው ሣር ነው። መጤው ሣር የሚጠለልባቸውን ድንጋዮች ሸፈነበት። በእንግሊዝ የብሪስቶል መካነ እንስሳት ሸረሪቱን ማራባት ችሏል።

● የዚያችው ደሴት ዳርቻ የጠፋው «ሲል» ዘመድ ለሆነው ለሜዲትራኒያኑ «ሲል» መጠለያ ነው።

● በእኛም አገር ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በ1927 በጎጃም፣ ግልገል አባይ ዳር፣ በውኃ ውስጥ የምታድን አይጥ ተያዘች። ሳይንስ የሚያውቃት በዚያች አንዲት ብቻ ነው፤ ቆዳዋ ቺካጎ በሚገኘው ፊልድ ሙዚየም ተቀምጧል። አካባቢው በግጦሽ ተጎድቷል፤ ምናልባት ጠፍታለች ተብሎ ይሰጋል።

● የዱር ዐረቢካ ቡናም በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር «ለመጥፋት የተጋለጠ» ተብሎ ሰፍሯል። በእንግሊዝ የኪው የዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ ከ124 የዱር ቡና ዝርያዎች 60 በመቶው አደጋ ላይ ናቸው።

● የቡና ፍሬ እንደ ጤፍና ስንዴ ደርቆ በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመታት አይቆይም፤ መብቀል ያቅተዋል። ስለዚህ የዘር ሀብቱ የሚጠበቀው በቁም ዛፍ ነው። ከጅማ ወዲያ፣ ጎማ ወረዳ፣ ጮጬ ላይ ያለው የቡና ማሳ ለዚህ የተተከለ ነው።

● ለታደነው «ሲል» አደን የሚከለክል ሕግ በጊዜው ቢወጣ ምናልባት ይበቃው ነበር። ለሸረሪቱ ግን ክልከላ አይበቃም፤ ሣሩ መነቀል አለበት። የዱር ቡናም ዕጣ እንደ ሸረሪቱ ነው፦ ሰው ቅርንጫፉን ባይነካ እንኳ ጥላው ከተቆረጠ ይጎዳል። ለምሳሌ በጅማ አካባቢ ሰርቦ ላይ ሰሳና ዋንዛ የተባሉት የጥላ ዛፎች ተቆርጠው በምትካቸው ጫት ወይም ባሕር ዛፍ ሲተከል፣ ከሥር ያለው ቡና ቤቱን ያጣል።