ድመታችን ስታነክስ፦ ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ

እኛ የሁሩታና የአርሲ ደጋ ሰዎች ኑሯችን ስንዴና ገብስ ነው። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ ጎተራችንን የምትጠብቅልን ድመት ናት። እያነከሰች ስትገባ ግን ብዙዎቻችን «ልሳ ትድናለች» ብለን እናልፋለን።

ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በድመት ምክንያት ስለተቀጣች ሴት ነግረውናል። ጥፋቷ ድመቷን ዘግታ ምግብና ውሃ መከልከሏ፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላም አለመልቀቋ ነው። ይህን ልብ እንበል፤ ለምታነክስ ድመት የመጀመሪያው እርዳታ እንዳትዘል መዝጋት ነውና። የተሰበረ ወይም የወለቀ እግር በዘለለች ቁጥር ይብስበታል። ስለዚህ በጠባብ ክፍል ወይም በሰፊ ካርቶን እናቆያት፤ ውሃዋ፣ ምግቧና የምትጸዳዳበት አሸዋ ግን ከአጠገቧ ይሁን። ያኔ መዝጋታችን እዝነት ይሆናል።

ቀጥሎ ከፈቀደችልን መዳፏንና የጣቶቿን መሐል በብርሃን እንይ። ላይ ላዩን የተሰካ እሾህ ይነቀላል፤ ጠልቆ የገባውን ለሐኪም እንተወው። ቁስሉን ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ እንጠብ፤ ከደማም በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ሳንለቅ ተጭነን እንያዝ። እብጠቱን አናፍርጥ። እንደ ወጌሻም አንሽ፣ አንጎትት፣ በእንጨት አንሰር።

ከሁሉ በላይ የሰው ክኒን አንስጣት። የእኛን ራስ ምታት የሚያስታግሰው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ሰውነቷ መድኃኒቱን ማስወገድ ስለማይችል ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ባለ 500 ሚሊ ግራም አንድ ክኒን ሊገድላት ይችላል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ጨጓራዋንና ኩላሊቷን ይጎዳሉ።

ሕመም ያለባት ድመት የምትወደውንም ትነክሳለች። ልጆችን እናርቅ፤ ስናነሳት በወፍራም ጨርቅ እንጠቅልላት። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበን ሳንዘገይ ጤና ጣቢያ እንሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

እግሯ ከተጣመመ፣ አጥንት ከታየ፣ የኋላ እግሮቿ በድንገት ከዛሉና ከቀዘቀዙ፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች ወይም መሽናት ካቃታት ጊዜ አንስጥ፤ ወዲያውኑ ትታይ። ቀላል ማነከስም በማግስቱ ካልተሻላት ሐኪም ይያት። የእንስሳት ክሊኒኮቻችን በአብዛኛው የሚያክሙት ከብት ስለሆነ ድመት ያዩ እንደሆነ አስቀድመን እንጠይቅ። አየር በሚያስገባ ካርቶን ወይም ክዳን ባለው ቅርጫት እንውሰዳት። መቼ እንደጀመራት፣ መብላትና መሽናቷን፣ በቤቱ የአይጥ መርዝ መኖር አለመኖሩንም ለሐኪሙ እንንገር።

ነፍስ ላለው ሁሉ በሚደረግ በጎ ነገር አጅር እንዳለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ድመት መናገር አትችልም፤ እኛ ግን ከአላህ ፊት ስለ እርሷ እንጠየቃለን። አላህ ለፍጡራኑ ከሚያዝኑት ያድርገን። አሚን።